ትልቅ ውሻና አለርጂ ያለበት ቤት፦ ችግሩና መፍትሄው

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ ቤት ሰርቶ የገባ ሰው ግቢው ሰፊ ነው፣ ማታ ጅብ ይመጣል፣ ሌባም አይጠፋም፣ ስለዚ ትልቅ ውሻ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ግን ነገሩ ይበላሻል። ለሰው ውሻ ስመርጥና ሳሰለጥን አንዱን ብልሽት ደጋግሜ ስለማየው ነው የምጽፈው። ክትባት፣ የትል መድሃኒት፣ የቁንጫ መድሃኒት ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ቡችላው ሲመጣ ሰላም ነበር፣ ከወራት በኋላ ልጁ ያስነጥሳል፣ አይኑን ያሻል፣ ማታ ደረቱ ሲር ሲር ይላል

ዋናው ይሄ ነው። ሰውየው ቴሌግራም ላይ "አለርጂ የማያመጣ ዘር" ተብሎ ፎቶ ያያል፣ ብዙ ጊዜ ፑድል የሚባለው ፀጉረ ጥቅልል ውሻ ክልስ ነው፣ ብዙ ብር ከፍሎ ይገዛል፣ ቡችላው ፀጉሩ አይረግፍም፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይተኛል፣ ከልጆቹ ጋር አልጋ ላይ ይወጣል። ከዛ ቡችላው ያድጋል፣ የቡችላ ፀጉሩ በትልቅ ውሻ ፀጉር ይተካል፣ ቆዳውም ምራቁም የ30 ኪሎ ውሻ ይሆናል፣ በዛ ላይ የልጁ ሰውነት ለውሻው ለመቆጣት ጊዜ ስለሚፈልግ በመጀመሪያው ወር ምንም አለመታየቱ ምንም ማለት አይደለም።

ምክንያቱ ፀጉር አይደለም። ሰውን የሚያስነጥሰው ውሻው ምራቅ፣ የቆዳ ፎረፎርና ሽንት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ዋናው ካን ኤፍ 1 ይባላል፣ ፀጉሩ ተሸክሞት ነው የሚዞረው። ይሄ ፕሮቲን የሌለው ዘር የለም፣ ፑድልም ቢሆን አለው። በፈረንጆቹ 2011 አሜሪካ ዲትሮይት አካባቢ የወጣ ጥናት "አለርጂ የማያመጣ" የሚባል ዘር ያለበትንና ሌላ ውሻ ያለበትን ቤት አቧራ አወዳድሮ በፕሮቲኑ መጠን ልዩነት አላገኘም። ሻጮች ደግሞ "የኦባማም ውሻ እኮ..." ይሏችኋል፣ አዎ፣ ልጁ ማሊያ አለርጂ ስላለባት በፈረንጆቹ 2009 ፖርቹጊዝ ዋተር ዶግ የሚባል ዘር ወስደዋል፣ ያ ግን እናንተ ቤት ለሚመጣው ውሻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ላብራዱድል የሚባለውን የላብራዶርና የፑድል ክልስ አውስትራሊያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ያስጀመረው ዋሊ ኮንሮን ነው፣ ሃዋይ ያለች አይነስውር ሴት መሪ ውሻ ፈልጋ ባሏ አለርጂ ስለነበረበት። ሶስት ቡችሎች ተወለዱ፣ የሶስቱንም ፀጉርና ምራቅ ወደ ሃዋይ ልኮ አስሞከረ፣ ለሰውየው የተስማማው የአንዱ ብቻ ነው። ከአንድ እናት፣ ከአንድ አባት፣ አንድ ብቻ! ስለዚ ዘር አትምረጡ፣ ውሻ ምረጡ።

ለገጣፎ አንድ ቤት ልጅቷ ማታ ማታ እየታፈነች ሳይነስ ነው ተባለ፣ ብርድ ነው ተባለ፣ መስከረም ሲሆን አደይ አበባው ነው ተባለ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድሃኒት ተመላልሳ ወሰደች። ውሻው የት ነው የሚተኛው ብዬ ስጠይቅ እግሯ ስር። "የማያመጣ ዘር ነው ተብለን" አሉኝ። ውሻው ወደ ግቢ ወጣ፣ ምንጣፉ ተነሳ፣ ከሳምንታት በኋላ መሻል ጀመረች። እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ሰው የሚያናድደኝ ለዚህ ነው፣ የሚታፈነው ህፃን ነው።

መፍትሄው ከመግዛት በፊት ነው። ፎቶ አይቶ መግዛት የለም። ያደገ ውሻ ብትወስዱ ይሻላል፣ ቡችላ ነው የምንፈልገው ካላችሁ ግን የእናትና አባቱ ግቢ ሂዱ፣ አለርጂ ያለበት ሰው ራሱ ይሂድ፣ ይዳብስ፣ ይቀመጥ፣ በተለያየ ቀን ይመለስ። ሻጩ ውሻውን ገና አሁን አጥቦት ከሆነ ያ ሙከራ አይቆጠርም። ለውሻው የተነጠፈ ብርድ ልብስ ተውሳችሁ ቤት ማሳደርም ይረዳል። ማስጠንቀቂያ፦ አስም ያለበትን ሰው በዚህ መንገድ አትሞክሩት፣ ሐኪሙን ሳታማክሩ፣ ፓፉ ኪሱ ቢኖርም። ልጅ ከሆነ ደግሞ በፍፁም።

ከትልልቆቹ ውስጥ ስታንዳርድ ፑድል፣ ጃያንት ሽናውዘር፣ ብላክ ራሽያን ቴሪየር ፀጉራቸው ብዙ አይበተንም፣ ፎረፎሩ ቤት ውስጥ የሚዞረው ይቀንሳል፣ ጥቅማቸው እሱ ነው። ግን በየስድስት ሳምንቱ ገደማ መቆረጥ፣ በየቀኑ ባይሆን በየሁለት ቀኑ መበጠር አለባቸው፣ ካልሆነ ፀጉሩ ተቋጥሮ ስሩ ቆዳው ይቆስላል። ጀርመን ሼፐርድ አመቱን ሙሉ ይረግፋል። "ፀጉሩ አጭር ነው" ብላችሁ ሮትዋይለር ወይ ቦክሰር ከወሰዳችሁ አጭር ፀጉርም ይረግፋል፣ ምራቁም አለ።

ወንድ ውሻ ጋር ያስነጥሰዋል፣ ሴቷ ጋር ሰላም ነው

ካን ኤፍ 5 የሚባለው ፕሮቲን የሚመረተው ወንድ ውሻ ፕሮስቴት ውስጥ ነው። በሱ ብቻ የሚቆጡ ሰዎች አሉ፣ ለነሱ ሴት ወይም የተኮላሸ ወንድ ይስማማል። ለጥበቃ ወንድ ካልሆነ የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ሴት ውሻ ግቢዋን አታስደፍርም፣ ተዉት።

ውሻው ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ልጁ ግን አልተሻለውም

ማን ይነካዋል፣ የት ይበጠራል ብላችሁ ጠይቁ። ሱሉልታ አንድ ቤት ዘበኛው በየጠዋቱ ውሻውን በረንዳ ላይ፣ ልክ የልጁ መኝታ ቤት መስኮት ስር ነበር የሚያበጥረው፣ መስኮቱ ደግሞ ክፍት። ሌላ ቤት የውሻው ብርድ ልብስ ከልጆቹ አንሶላ ጋር አንድ ማሽን ይታጠባል። ሌላው ጋቢ ነው፣ አባወራው ማታ ጋቢ ለብሶ ውሻውን አቅፎ ይገባና በዛው ጋቢ ልጁን ያቅፋል። ማበጠሪያው ቦታ ከቤቱ ራቅ ይበል፣ የሚያበጥረው ሰው ልብሱን ይቀይር። እጥበት ይረዳል ግን ፕሮቲኑ በቀናት ውስጥ ስለሚመለስ በሳምንት ሁለቴ ካልሆነ ብዙ ጥቅም የለውም፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ካልቻላችሁ ረጥቦ በተጨመቀ ፎጣ ጥረጉት። በልብስ ሳሙና አትጠቡት! ቆዳው ይደርቅና ፎረፎሩ ይብሳል። ሳይደርቅም ወደ ማታ ብርድ አትልቀቁት።

ማስነጠሱ ውሻ ቤቱ ጋር ብቻ ከሆነ የተነጠፈውን ጭድ እዩ፣ እርጥብ ጭድ ይሻግታል። እግር ላይ ቀይ ሽፍታ ብቻ ከሆነ ቁንጫ ሊሆን ይችላል።

ውሻውን ሰጡት፣ ምልክቱ ግን አልጠፋም

ፕሮቲኑ ምንጣፍ፣ ሶፋና ፍራሽ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ምንጣፉን አውጡ፣ የሶፋ ልብሱንና መጋረጃውን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ደረቅ መጥረግ አቧራውን እንደገና ያስነሳዋል። ውሻውን ግን ሜዳ ላይ አትጣሉት፣ ግቢ የለመደ ውሻ መንገድ ላይ አይኖርም፣ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ሰርቪስ ቤት በኩል አስራችሁ ሳይሆን አጥራችሁ አቆዩት። ቀጣዩን ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ካልተስማማ እመልሳለሁ የሚል ቃል ከሻጩ በፅሁፍ ተቀበሉ፣ እምቢ ካለ ብሩን አትክፈሉ።