የውሻ ካንሰር ወደ ሳንባ መሰራጨቱ እንዴት ይታወቃል?

ያልመከነች ሴት ውሻ ጡቷ ላይ ጠጣር እብጠት ሲወጣ ባለቤቷ ቶሎ ተቆርጦ እንዲወጣላት ይፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግን ደረቷ መታየት አለበት። የጡት፣ የአጥንትና የአፍ ካንሰር በደም ተጉዘው ብዙ ጊዜ የሚያርፉት ሳንባ ላይ ነውና።

ሥራው ከቤት ይጀምራል። ውሻዋ ተኝታ ሳለች በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ይቁጠሩ። በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ፣ ወይም ሳል፣ ክሳትና ቶሎ መድከም ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። የእግር እብጠትና ማነከስንም አይዝለሉ፤ ደረት ውስጥ ያለ ዕጢ የእግር አጥንትን ሊያሳብጥ ይችላል። ምልክት አለመኖሩ ግን አያዘናጋዎት፤ ብዙ ውሾች ካንሰሩ ሳንባቸው ገብቶም አይስሉም።

ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ እብጠቱንና በአቅራቢያው ያሉትን ንፍፊቶች ይዳስሳል፤ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወስዳል። ቀጥሎ ራጅ ይነሣል፤ እዚህ ላይ ለቁጠባ ብሎ መደራደር አይገባም። ሦስት ፎቶ ያስፈልጋል፦ በቀኝ ጎኗ ተኝታ፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ከዚያም በጀርባዋ ወይም በሆዷ። በጎኗ ስትተኛ ከታች የሚሆነው ሳንባ ተጨፍልቆ አየሩ ስለሚቀንስ በውስጡ ያለው ዕጢ ከዙሪያው ተለይቶ አይታይም። አየር የሞላው የላይኛው ሳንባ ግን ዕጢውን እንደ ነጭ ክብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በአንድ ፎቶ ብቻ «ንጹሕ ነው» ከተባሉ ግማሹ እንዳልታየ ይቁጠሩት። ፎቶው አየር በሙሉ በሳበችበት ቅጽበት ቢነሣ ይመረጣል።

ነጭ ክብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። የጡት ጫፍ፣ ቆዳ ላይ የተጣበቀ መዥገር እንኳ ዕጢ መስሎ ይታያል! ሐኪሙ ሲጠራጠር የጡት ጫፎቹን ባሪየም (በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር) ቀብቶ እንደገና ያነሣል። የፈንገስ በሽታና መግልም ያሳስታሉ። አጠራጣሪ ነጥብ ካለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ራጁን መድገም ነው፤ ካንሰር ከሆነ ብዙ ጊዜ ያድጋል ወይም ይበዛል።

ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዕጢ ከራጅ በአብዛኛው ያመልጣል። ሲቲ ስካን ከዚህ በጣም ያነሰውንም ያሳያል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ማደንዘዣ ይፈልጋል። በደረት በኩል መርፌ አስገብቶ ናሙና መውሰድ አየር ከሳንባ ወደ ደረት እንዲያመልጥ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ውጤቱ ሕክምናውን የማይቀይር ከሆነ ባይደረግ ይሻላል።

ዕጢው አደገኛ ሆኖ ከተገኘ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በየ3 ወሩ ገደማ ራጅ ያስነሡ፤ ለማነጻጸር የቀድሞዎቹን ፎቶዎች ይዘው ይሂዱ።