የድሮ ስላይዶችን ቤት ውስጥ በካሜራ ወደ ዲጂታል መቀየር

የስላይድ ሣጥን ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ፕሮጀክተሩ የለም። ቢኖርም አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ዞሮ ምትኩን ማግኘት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስላይዶቹ ግን አሉ። 5 በ5 ሴንቲሜትር ፍሬም፣ መሃሉ ላይ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነች ፊልም። ያቺን ፊልም ከኋላዋ አብርቶ ከፊቷ ማንሳት ነው ሥራው በሙሉ።

የቢሮ ስካነሩን እርሱት። እሱ የሚያነበው ብርሃን የሚመልስ ወረቀት ስለሆነ ስላይድ ስትሰጡት ጥቁር አራት ማዕዘን ይመልስላችኋል። ለፊልም የተሠሩ ስካነሮች አሉ፤ ጥሩዎቹ ውድና ቀርፋፋ ናቸው፣ ርካሾቹን ባትገዙ ይሻላል። ስልክ ለቴሌግራም ይበቃል፣ ለልጅ ልጅ ለማኖር ግን አይበቃም። ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ ከሌላችሁ ፎቶ ቤት ያለው ወዳጅ ፈልጉ፤ ሁዳዴና ረመዳን ሲገቡ ሠርግ ስለሚቀዘቅዝ ካሜራ መዋስ ይቀላል።

ማክሮ ሌንስ፣ ማለትም ትንሽ ነገር በጣም ቀርቦ የሚያነሳ ሌንስ፣ ካገኛችሁ ጥሩ። ካጣችሁ አንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስና ኤክስቴንሽን ቲዩብ ይበቃል። ቲዩቡ መስታወት የሌለው ባዶ ቀለበት ነው፤ ሌንሱን ከካሜራው ስለሚያርቀው በቅርብ ለማንሳት ያስችላል። የትኛውን እንደምትገዙ ለማወቅ የቲዩቡን ርዝመት ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ፤ ውጤቱ ስላይዱ ሴንሰሩ ላይ በስንት እጥፍ እንደሚያርፍ ይነግራችኋል። ለምሳሌ 31 ሚሊሜትር ቲዩብ ለ50 ሲካፈል 0.62 ነው፤ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ካሜራ ስላይዱን በልክ ለመሙላት የሚፈልገው ይህንኑ ያህል ነው። ፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ ከስላይዱ ፊልም ጋር እኩል የሆነ፣ ከሆነ 1 ድረስ መድረስ አለበት።

ለብርሃን መስኮት አትጠቀሙ። ከጦሳ ተራራ በኩል ደመና በመጣ ቁጥር የስላይዱ ቀለም አብሮ ይለወጣል። ሲአርአይው (ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግረው ቁጥር) 95 እና ከዚያ በላይ የሆነ ኤልኢዲ ፓናል ግዙ፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ቀይ ስለሚያንሰው የሰው ፊት አመድ ይመስላል። በባትሪ የሚሠራ ቢሆን መብራት ሲጠፋም ሥራ አትፈቱም። የታብሌት ስክሪን ነጭ አድርጎ መጠቀምም ያስኬዳል፣ ስላይዱን ስክሪኑ ላይ እስካልለጠፋችሁት ድረስ፤ ከተለጠፈ ፒክስሎቹ እንደ ወንፊት ምስሉ ላይ ይወጣሉ። ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉትና መሃል ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ፕላስቲክ አስገቡ። በስላይዱ ዙሪያ የሚያፈሰውን ብርሃን በጥቁር ካርቶን ሸፍኑ፤ አለዚያ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል።

አቧራውን በጎማ አየር መንፊያ አባርሩ። ከሌለ ከፋርማሲ የሚገዛው የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎማ፣ አዲስ ከሆነ፣ ያው ነው። በአፍ እፍ ማለት ክልክል፤ ምራቅ ይረጫል። ነጭ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ጉምና ቅዝቃዜ በማይለየው የደሴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ሣጥን ላይ ይህ አይገርምም። እሱን አትንኩት። ሻጋታው ምስሉን የያዘውን ጄላቲን ስለሚበላው ቦታው በውኃ የሚሟሟ ይሆናል። አንድ ዘመዳችን ከፋርማሲ በገዛው 70 በመቶ አልኮል ጥጥ ነክሮ አንዱን ስላይድ ጠረገው፤ ቀሪው 30 በመቶ ውኃ መሆኑን አላሰበም። ከፒያሳ ሕንፃዎች በላይ የነበረው ሰማያዊ ሰማይ ወደ ጥጡ ሄደ። ሻጋታውን እንዳለ አንሱት፣ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ይጸዳል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያልፈው፣ ኋላም «ካሜራዬ አይረባም» የሚያሰኘው ነገር ላይ ደረስን፦ ካሜራውና ስላይዱ ትይዩ መሆን አለባቸው። በዚህ ቅርበት የጠራ ሆኖ የሚወጣው ውፍረት ከሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ካሜራው ትንሽ ካዘነበለ የአያት ፊት ይጠራና ዳር የቆመው ልጅ ይደበዝዛል። ካሜራውን ወደ ታች አዙራችሁ ትራይፖድ ላይ እሰሩት። የግንበኛ ውኃ ልክ ለመጀመሪያው ማስተካከያ ይጠቅማል፣ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ፤ የካሜራ ጀርባ ራሱ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም።

መፍትሔው መስታወት ነው። ሰኞ ገበያ የምትገዙትን የኪስ መስታወት ከፕላስቲኩ አውጡና ስላይዱ በሚተኛበት ቦታ ላይ በትክክል አስተኙት። በካሜራው ስክሪን ስታዩ የራሱ የሌንሱ ክብ ነጸብራቅ ይታያችኋል። ይደበዝዛል፤ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) አንድ ፎቶ ብታነሱ ይጠራል። የክቡ እምብርት ከፎቶው እምብርት ጋር ከገጠመ ትይዩ ናችሁ። ካልገጠመ ካሜራውን ወደ ጎን መግፋት ዋጋ የለውም፤ የቱንም ያህል ብትገፉት ክቡ ከቦታው ፈቀቅ አይልም። የሚያስተካክለው ማዘንበሉ ብቻ ነው። ከትራይፖዱ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት እያስገባችሁ ቀስ በቀስ አምጡት። ከዚያ ትራይፖዱን በፕላስተር ከወለሉ ጋር አጣብቁት፤ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ይህ ምክር አይደለም፣ ግዴታ ነው።

መስታወቱን አንስታችሁ ስላይድ አስገቡ፣ በስክሪኑ 10 እጥፍ አጉልታችሁ አራቱን ማዕዘኖች ተመልከቱ። አራቱም ጠርተው መሃሉ ከደበዘዘ ችግሩ የእናንተ አይደለም፤ በካርቶን ፍሬም ያለ ፊልም ይጎብጣል። ፎከሱን በመሃሉና በጠርዙ መካከል አድርጉና ኤፍ 11 ተጠቀሙ። ለሌላው ሁሉ ኤፍ 8።

የካሜራው ቅንብር፦ አይ ኤስ ኦ (የብርሃን ስሜት) 100፣ ሮው (ካሜራው ያልጨመቀው ፋይል)፣ ዋይት ባላንስ (ነጩን ነጭ የሚያደርገው) ባዶ ፓናሉ ላይ ተስተካክሎ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር። ፎከሱን በእጅ አድርጉና ኦቶውን አጥፉ። ቤታችሁ ወደ ሐረጎ በሚወርደው ዋና መንገድ ዳር ከሆነ ግን ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣልና ሌሊት መሥራት ይሻላል።

ምስሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ እንዳይቀር በፎቶው ውስጥ የሱቅ ወይም የትምህርት ቤት ጽሑፍ ፈልጉ፤ ፊደሉ በትክክል ከተነበበ ጨርሳችኋል። ጽሑፍ ከሌለ የሚያብረቀርቀው የፊልሙ ገጽ ወደ ሌንሱ፣ ደብዛዛው ወደ ብርሃኑ ይሁን።

ለማረም ዳርክቴብል የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ከበቂ በላይ ነው። ኤክታክሮም የሚባለው የድሮ የኮዳክ ስላይድ ፊልም ብዙ ጊዜ ቀልቶ ይገኛል፣ ምክንያቱም ቀይን የሚከላከለው ሳያን ቀለም ቀድሞ ደብዝዟል። ሦስቱን ቀለሞች (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ለየብቻ ወደ ቦታቸው ሳቡ፤ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ሰው ግን ሰው ይመስላል። ኮዳክሮም የሚባለው ሌላው የኮዳክ ፊልም ስም የተጻፈበት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙን ለአሥርት ዓመታት ይይዛል።

ፍሬሙ ላይ የታተመ ወርና ዓመት ካለ ፊልሙ የታጠበበት ነው፣ ፎቶው ከዚያ በፊት ነው የተነሳው። ጁን 1972 የሚል ካገኛችሁ በእኛ ሰኔ 1964 አካባቢ ነውና ፋይሉን «ከ1964 ሰኔ በፊት» ብላችሁ ሰይሙ። የፍሬሙን ጽሑፍም ለብቻው በስልክ አንሱት። ፋይሎቹን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ይሁን። ስላይዶቹን ደረቅ ቦታ መልሱ እንጂ አትጣሉ።