ጥለቱ ጠርቶ ዓይኑ እንዳይደበዝዝ፦ የሰው ፎቶ ስታነሱ

በአንድ የጥምቀት በዓል ፋሲል መዋኛ አጠገብ አንዲት እናት ፎቶ አነሳሁ። በካሜራዬ ትንሽ መስታወት ላይ ሳየው አምሮብኝ ነበር። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ስከፍተው የነጠላቸው ጥለት ክሩ እስኪቆጠር ጠርቷል፤ ዓይናቸው ግን ጉም የለበሰ ይመስላል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፎከሱ፣ ማለትም ፎቶው ላይ ጠርቶ የሚወጣው ቦታ፣ የት እንደሚያርፍ እንዲመርጥ ለካሜራው ትቼለት ነበር። ካሜራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የቀረበውንና ቀለሙ ጎልቶ የሚለየውን ነው። በነጭ ነጠላ ላይ ያለ ደማቅ ጥለት ሲያገኝ ዓይን አይታየውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የፎከስ ነጥቡን ወደ አንድ ነጠላ ነጥብ ቀይሩና ራሳችሁ ዓይን ላይ አሳርፉት። ፊቱ ዘወር ያለ ከሆነ ለእናንተ የቀረበው ዓይን ይመረጣል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን መላእክት ቀና ብሎ ያየ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ ከፊታቸው ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ዓይናቸው ነው። አዳዲስ ካሜራዎች ዓይንን ራሳቸው ፈልገው ይከተላሉ። ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ መነጽርና ፊት ላይ የወረደ ነጠላ ግን ሊያሳስቱት ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በመሃለኛው ነጥብ ዓይኑን ይይዝና ፎቶውን ለማሳመር ካሜራውን ያዞራል። ሌንሱ ሰፊ ከተከፈተ ዓይኑን ለማደብዘዝ ይህች ትንሽ መዞር ትበቃለች። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በፉል ፍሬም (ትልቅ የምስል መቀበያ ባለው) ካሜራ፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት በኤፍ 1.8 ብታነሱ ከፊት ወደ ኋላ ጠርቶ የሚታየው 3 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል)። ፊቱ በደንብ ዘወር ካለ ሁለቱ ዓይኖች እንኳ አብረው አይገቡም። ኤፍ 4 ላይ ወደ 7 ሴንቲሜትር ይሰፋል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ጀርባው ትንሽ ቢታይ ምን ይጎዳል?

የሻተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ከ1/200 ሰከንድ አታዘግዩት። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጨምሩ፤ በእጅ መንቀጥቀጥ ከተደበዘዘ ፎቶ ትንሽ የሚሻክር ፎቶ ይሻላል። ማሲንቆውን ይዞ የሚወዛወዝ አዝማሪ ስታነሱ ደግሞ ፎከሱን ሳያቋርጥ ወደሚከተለው ዓይነት ቀይሩት።

ብርሃኑንም አትናቁት። የጎንደር የቀትር ፀሐይ ዓይንን ያስጨፍናል፤ ከቅንድብ በታች ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ በእንዲህ ያለ ጥላ ውስጥ ካሜራውም የሚይዘው ነገር ያጣል። በፋሲል ግቢ ስታነሱ ሰውየውን ከአንዱ ቅስት በር ስር፣ ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አቁሙትና ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር። ዓይኑ ይከፈታል፤ ብሌኑ ላይ የሰማዩ ብርሃን እንደ ትንሽ መስኮት ይታያል። ነጥባችሁን እዚያች ብልጭታ ጠርዝ ላይ አሳርፉ።

ካነሳችሁ በኋላ ሰውየው ከመሄዱ በፊት ፎቶውን እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ ዓይኑን እዩ። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ካልተለየ፣ «እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ» በሉና ድገሙት።