ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የሙዚየም ጎብኚ መኪናውን የት ያቁም?

ከአራት ኪሎ ወደ ላይ ስትወጡ ሙዚየም በሙዚየም ነው። አራት ኪሎ ካምፓስ ውስጥ የተፈጥሮ ታሪኩ፣ አምስት ኪሎ ጋ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም። እንዲህ ላለ ሰፈር ፓርኪንግ የምታቅዱ ከሆነ «ባዶ ቦታ የት ይገኛል?» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ቁጠሩ።

አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ እሁድ። በየግማሽ ሰዓቱ እየዞራችሁ የቆሙትን መኪኖች የታርጋ መጨረሻ ሦስት ቁጥር መዝግቡ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ የሚሄደው ጎብኚና ጠዋት አቁሞ ማታ የሚወስደው ሠራተኛ ያኔ ይለያሉ።

ከዚያ ሒሳብ። ለምሳሌ በሰዓት 40 መኪና ቢመጣና እያንዳንዱ 2 ሰዓት ቢቆይ፣ በአንድ ጊዜ 80 መኪና ይቆማል። 80 ቦታ ግን አይበቃም። 15 በመቶ ያህሉ ክፍት ካልሆነ ሰው ቦታ ፍለጋ ይዞራል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ስለዚህ 95 ያዙ። አንድ መኪና መተላለፊያውን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ካሬ ስለሚፈልግ፣ በትንሹ 2,400 ካሬ ገደማ ሊያስፈልጋችሁ ነው። እዚያ ሰፈር ይህን ያህል መሬት ቢገኝ እንኳ ለመኪና ማዋሉ ያሳዝናል።

እኔ የምመክረው መጋራትን ነው። እሁድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲመጣ የመሥሪያ ቤቶቹ ግቢ ባዶ ነው። አነጋግሯቸው፤ ግን በጽሑፍ ይሁን። በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? መኪና ቢጫር ማን ይጠየቃል? በቃል የተስማማችሁት ነገር ጥበቃው የተቀየረ ቀን አብሮ ይጠፋል።

በሥራ ቀን ዋናው ጉዳይ ተማሪ የጫነ አውቶቡስ ነው፣ ብዙ ዕቅድም የሚረሳው ይሄንን ነው። የአውቶቡስ በር በቀኝ በኩል ነው፤ ከሙዚየሙ ማዶ ከቆመ ስልሳ ሕፃን አስፋልት ሊሻገር ነው። በሙዚየሙ በኩል ሁለት አውቶቡስ የሚይዝ 30 ሜትር ያህል ለማውረጃ ብቻ ተዉ። አውርዶ ይሂድ፣ ራቅ ብሎ ይጠብቅ፣ ሲጠራ ይመለስ። ትምህርት ቤቶች ሲመዘገቡም የመምጫ ሰዓታቸውን ለያዩ፤ ሁሉም ጠዋት 3 ሰዓት ከመጣ የትኛውም ቦታ አይችላቸውም።

ለአካል ጉዳተኞች በሩ አጠገብ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይኑር። ክፍያው ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት አነስ ይበል፣ ከዚያ በኋላ ይጨምር፣ ቀኑን ሙሉ የሚያቆመው ሌላ ቦታ እንዲፈልግ። ደግሞ ስዕሉን ከመንደፋችሁ በፊት ትኬት የሚቆርጡትን ልጆች አነጋግሩ። የትኛው ጥግ መቼ እንደሚሞላ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጥር 10 እና 11 ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ጃንሜዳ ቅርብ ነው፣ መንገዱ የታቦቱና የምእመኑ ነው። ለእነዚያ ቀናት መኪና ይዞ እንዳይመጣ ለጎብኚው ቀድማችሁ ንገሩት።