የድሮ የግፊት ጌጅ ስታነቡ እንዳትሳሳቱ

የቆየ ኮምፕሬሰር ወይም ቦይለር ላይ ያለውን ጌጅ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ፓስካል የሚል አታገኙበት ይሆናል። ፓስካል የግፊት መለኪያ ስም ሆኖ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የቀደሙት መለኪያዎች ግን ዛሬም አብረውን አሉ። እነሱን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ዜሮው ከየት እንደሚጀምር አለመጠየቅ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የተነፈሰ ጎማ ላይ ጌጅ ብትሰኩ ዜሮ ይላል። ጎማው ውስጥ ግን አየር አለ፤ ከውጭው ጋር እኩል ስለሆነ ነው ዜሮ የሚለው። የድሮ የጀርመን ጌጆች ይህን በፊደል ይለዩ ነበር። «ኤቲኤ» (ata) ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ጀምሮ ይቆጥራል፤ «ኤቲዩ» (atü) ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ። የመጨረሻዋ ፊደል ተፍቃ ከሆነ ጌጁን ፈታችሁ ክፍት አየር ላይ ያዙት። መርፌው ዜሮ ላይ ካረፈ «ኤቲዩ» ነው። «ኤቲኤ» ከሆነ ባሕር ጠረፍ ላይ 1 አካባቢ ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 0.8 ይወርዳል፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት!

ሦስቱን ተቀራራቢዎች አንድ ማድረግ። በካሬ ሴንቲሜትር አንድ ኪሎ የሚባለው 98,066.5 ፓስካል ነው። ባር 100,000፣ አትሞስፌር ደግሞ 101,325። ጎማ ለመሙላት ልዩነቱ አያስጨንቅም። ሌላ ጌጅ የምታስተካክሉበት ከሆነ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከ3 በመቶ በላይ ይራራቃሉ፤ ይህ ቀላል አይደለም። «ኪሎ» ሲባልም ክብደቱ የሚጫነው ኃይል ማለት ነው።

ባሪን ባር ብሎ ማንበብ። ባሪ በሴንቲሜትር፣ ግራምና ሰከንድ የሚሠራው የድሮው ሥርዓት መለኪያ ነው። አንድ ባር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ባሪ አለ። አንዲት ፊደል ስትለወጥ ስሌቱ በሙሉ ገደል ይገባል።

ፒየዝን መርሳት። ይህም የድሮ የግፊት መለኪያ ነው፤ ፈረንሳይና ሶቭየት ኅብረት ይጠቀሙበት ነበር። አንድ ፒየዝ 1,000 ፓስካል ነው፤ መቶው አንድ ባር ይሆናል።

የሜርኩሪን ሚሊሜትርና ሴንቲሜትር ማምታታት። ግፊት በቱቦ ውስጥ ያለ ሜርኩሪን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግም ተለክቶ ይነገራል። ፈረንሳይ ውስጥ የደም ግፊት በሴንቲሜትር ይነገራል። ከዚያ የመጣ ዘመድ «14 በ9 ነኝ» ካላችሁ በእኛ ሚሊሜትር 140 በ90 ማለቱ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።