የቤት ኮምፒውተር ፋይሎችን በሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እንዴት በአስተማማኝ ሁኔታ ማስቀመጥ እንደሚቻል

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ባሕር ዳር ውስጥ ከግሽ ዓባይ ሰፈር ወደ ሽምብጥ በባጃጅ ስሄድ ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ለመውረድ ቸኮልኩና ቦርሳዬን ረሳሁት። ቦርሳው ውስጥ ላፕቶፔ ነበር፤ ከላፕቶፑ ጎን ደግሞ «ባክአፕ» እያልኩ የምጠራው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር። ባጃጁ ከዓይኔ ሲሰወር ዋናውም ቅጂውም አብረው ሄዱ። ከጠፋው ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ አባቴ በሕይወት ሳለ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ የቀዳሁት ድምፅ ነው። ከ11 የድምፅ ቀረጻዎች 3ቱ ተርፈዋል፤ የተረፉትም እኅቴ ልስማው ብላ በፍላሽ ወስዳ ዘንዘልማ በሚገኘው ቤቷ ኮምፒውተር ላይ ስለገለበጠቻቸው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባክአፕ የምለው፣ ዋናውን ፋይል ያጠፋው አደጋ ሊደርስበት የማይችለውን ቅጂ ብቻ ነው። ቀጥሎ የማስረዳቸውን እርምጃዎች ሁሉ የመረጥኩት በዚህ መለኪያ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለው፣ ሌባ የሚወስደው፣ ውኃ የሚያበላሸው፣ ቫይረስ የሚቆልፈው፣ የራሳችን ጣት በስህተት የሚሰርዘው ፋይል ሌላ ቦታ ደኅና ቅጂ ይኖረው እንደሆነ በየእርምጃው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፋይሎቹን አንድ ቦታ መሰብሰብ

ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት የሚቀመጠው ነገር የት የት እንዳለ ይፈልጉ። በብዙ ቤት ፎቶው ስልክ ላይ፣ ሰነዱ ዴስክቶፕ ላይ፣ የተላከው ሁሉ ደግሞ በቴሌግራም የዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። የስልክዎን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር ሲያመጡ በኬብል ያምጧቸው፤ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ መጠኑን ስለሚቀንሰው ከዚያ የሚወርደው ቅጂ እንደ ዋናው ጥራት አይኖረውም። ከዚያም አንድ ትልቅ ፎልደር ከፍተው ፎቶውን በዓመትና በወር፣ ሰነዱን በየጉዳዩ ከፋፍለው ያስቀምጡ። ፊልምና እንደገና ሊወርድ የሚችል ፕሮግራም እዚህ ውስጥ ባይገባ ቦታም ጊዜም ይቆጥባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያውቁ በሚያደርገው ሥርዓት የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በርካታ የአማርኛ ጽሑፎች ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ሲተየቡ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይታያል። የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ወይም የቤተሰብ የዘር ሐረግ በእንዲህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ከሆነ፣ የፎንቱን ፋይል ራሱን ከሰነዱ ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ፤ በተጨማሪም ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዱን ከፍተው ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡት። ሰነዱ ተርፎ የሚያነበው መጥፋቱ ከመጥፋት ብዙም አይሻልም።

ዲስኮቹን መግዛት

መግዛት የሚገባው ሁለት ዲስክ ነው፤ አንዱ ቤት ይሆናል፣ ሌላው ሌላ ሰው ቤት ይቀመጣል። መጠኑን ለመወሰን የሰበሰቡትን ፎልደር በቀኝ ክሊክ ከፍተው ፕሮፐርቲስ የሚለውን በመጫን ስንት ጊጋ ባይት እንደሆነ ይዩ፤ ከዚያ ቢያንስ እጥፉን የሚይዝ ይምረጡ። 1 ቴራ ባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ባይት ብቻ ሆኖ ቢታይ ተጭበርበሬአለሁ ብለው አይደንግጡ፤ አምራቹ የሚቆጥረው በአሥር ብዜት፣ ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሁለት ብዜት በመሆኑ የመጣ ልዩነት ነው። በአንጻሩ እጅግ ትልቅ መጠን በእጅግ ትንሽ ዋጋ የሚቀርብ ዲስክ ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ። በገበያ ላይ ውስጣቸው ትንሽ የሆነ፣ ለኮምፒውተሩ ግን ትልቅ መስለው የሚታዩ አስመሳይ ዲስኮች አሉ፤ ትክክለኛው ቦታቸው ሲሞላ አዲስ የሚጻፈው ሁሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠፋል።

ለእኛ ከተማ የምመርጠው ኤሌክትሪክ በዩኤስቢ ኬብሉ በኩል ከኮምፒውተሩ የሚወስደውን፣ በመዳፍ የሚያዘውን ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ነው። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ የራሱ አዳፕተር ስላለው ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ጋር ይታሰራል፤ ፋይል በሚጻፍበት ሰዓት መብራት ቢሄድ በአንድ አፍታ ይጠፋል፣ መብራቱ በኃይል ሲመለስም ጉዳቱ በቀጥታ ያገኘዋል። ትንሹን ዲስክ ባትሪው ከሞላ ላፕቶፕ ጋር ካገናኙት ግን የላፕቶፑ ባትሪ በመካከል ስለሚሆን፣ መብራት ቢሄድም ቅጂው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። የሚጠቀሙት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ፣ ሊኖርዎት ይገባል፤ ተራ ዲቫይደር ሶኬት ከማብዛት በቀር ከዚህ አያድንም።

ፎርማት ማድረግና መቆለፍ

ፎርማት ማድረግ ዲስኩን ፋይል እንዲቀበል ማዘጋጀት ነው፤ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ይህን ሥራ ባዶ በሆነ አዲስ ዲስክ ላይ ብቻ ይሥሩት። ቤት ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ከሚቀርቡት የፎርማት ዓይነቶች ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) የሚለውን ይምረጡ። ማክ የሚጠቀም የቤተሰብ አባል ካለ ኤክስፋት (exFAT) ይሻላል፤ ማክ በራሱ ኤንቲኤፍኤስን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ፋት 32 (FAT32) የሚለውን ይተዉት፤ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል የሰርግ ቪዲዮዎን መሐል ላይ ይመልሰዋል።

ዲስኩ ከቤት የሚወጣ በመሆኑ በይለፍ ቃል ቢቆለፍ መልካም ነው። በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር ይህን ያደርጋል፤ የሆም እትም በቢትሎከር የተቆለፈን ዲስክ ቢከፍትም ራሱ መቆለፍ ግን አይችልም። ሲቆልፉ የሚሰጥዎትን ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከቤት ካርታዎ ወይም ከልደት ሰርተፍኬት ጋር ያኑሩት። የይለፍ ቃሉም ይህ ቁጥርም ከጠፉ ዲስኩን የሚከፍትልዎ ባለሙያ አያገኙም፤ ስለዚህ ወረቀቱን እንደሚያኖሩ እርግጠኛ ካልሆኑ ባይቆልፉት እመርጣለሁ።

መቅዳት

ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ፎልደር ኮፒ አድርገው ዲስኩ ላይ ይለጥፉ። ኬብሉን በተቻለ መጠን ውስጡ ሰማያዊ በሆነው ቀዳዳ ይሰኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኑ ዩኤስቢ 3.0 እሱ ነው። 300 ጊጋ ባይት በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ሲጻፍ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ በአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 35 ሜጋ ባይት ከሄደ ግን 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያልፋል፤ ፋይሎቹ ትንንሽና ብዙ ከሆኑ ደግሞ ከዚህም ይዘገያል። ዲስኩ በሚሠራበት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ጋደም ብሎ ሳይነቃነቅ ይቆይ። ውስጡ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የሚያነበውም መርፌ በሚመስል ጫፍ ከሳህኑ በላይ በስስ አየር ተንሳፍፎ ነው። የአየሩ መሳሳት በከፍተኛ ቦታ ችግር ይፈጥር ይሆን ብለው ለሚጠይቁ፣ አምራቾች በተለምዶ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይፈቅዳሉ፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ናት። ሲጨርሱ ኬብሉን ከመንቀል በፊት ኢጀክት የሚለውን ይጫኑ።

ከመጀመሪያው በኋላ የተለወጠውን ብቻ መቅዳት ይበቃል። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሂስትሪ የሚባለው አለ፤ በዊንዶውስ 11 የሚገኘው በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ነው። ዲስኩ እስከተሰካ ድረስ በነባሪው በየሰዓቱ የተለወጡትን ፋይሎች ይወስዳል፤ የቆዩትንም እትሞች ያስቀራል፤ በመሆኑም ሳያስቡት ያበላሹትን ምዕራፍ በትናንት መልኩ ማግኘት ይችላሉ። የእርስዎ ትልቅ ፎልደር በሚወስዳቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ግን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ለማክ ታይም ማሽን ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሌሎች ፕሮግራሞች ላይ «ሚረር» የሚለውን ምርጫ ሳያስተውሉ አይጫኑት፤ እሱ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ዓይነት ስለሚያደርግ ከኮምፒውተሩ በስህተት የሰረዙትን ከባክአፑም ይሰርዝብዎታል።

ቅጂው እንዳለቀ ዲስኩን ይንቀሉት። ቀን ከሌት እንደተሰካ የሚውል ዲስክ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። በባክአፕ ዲስክ ወደ ኅትመትና ፎቶ ኮፒ ቤት መሄድም አይገባም፤ ፋይሎችን ደብቆ ሾርትከት የሚተካው ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው በእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው። ለማሳተም ሲሄዱ የሚታተመውን ብቻ የያዘ ፍላሽ ይውሰዱ።

መሞከር

ይህን እርምጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ እለምናለሁ። በመጀመሪያ የዋናውንና የቅጂውን ፎልደር ፕሮፐርቲስ ከፍተው የፋይሎቹ ቁጥር እኩል መሆኑን ያስተያዩ። ቀጥሎ ዲስኩን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው አንድ የቆየ ፎቶ፣ አንድ ረጅም ቪዲዮና አንድ የአማርኛ ሰነድ ይክፈቱ፤ ቪዲዮውን መጀመሪያውን ብቻ አይተው አይተዉት፣ መሐሉንና መጨረሻውንም ይዩት። የሚሞከርበት ኮምፒውተር ቫይረስ የሌለበት መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሁለተኛውን ዲስክ ከቤት ማውጣት

የጣና ደሴቶች ገዳማት በክፉ ዘመን ከየብስ የተሻገሩ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተጠብቀውባቸዋል፤ ወራሪው ወይም እሳቱ ባለበት ዳርቻ አለመቀመጣቸው ነው የጠቀማቸው። የእኛም ሁለተኛ ዲስክ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ የሚታመን ዘመድ ቤት ከተገኘ ሌላ ሰፈር ይበቃል። ትልቁ ችግር ዲስኩ እዚያው ተረስቶ ቅጂው ማርጀቱ ነው። እኔና እኅቴ በየወሩ በ12 ለሚካኤል ማኅበር ስለምንገናኝ፣ አዲስ የተቀዳበትን ይዤ ሄጄ የቆየውን ይዤ እመለሳለሁ። ማኅበር የሌለው ሰው የዕቁብ ቀን ወይም ደመወዝ የሚገባበትን ቀን ሊጠቀም ይችላል፤ አስቀድሞ ያለ ልማድ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ አይረሳም። ሁለቱም ዲስኮች በአንድ ቦርሳ ከላፕቶፑ ጋር የሚሆኑበት ሰዓት ግን ፈጽሞ አይኑር።

አያያዝ

ከሰኔ እስከ መስከረም በሐይቁ ዳር ያለው እርጥበት ልብስ እንኳ ያሻግታል። ዲስኩን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚወጡት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር ያስቀምጡት፤ መሬት ላይና ከመስኮት ሥር አያኑሩት። ዝናብ ውስጥ ይዘውት ከገቡ ወዲያው አይሰኩት፤ ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ እስኪደርቅና ዲስኩ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጥቂት ሰዓት ይጠብቁ።

ዲስክ ሲያረጅ አልፎ አልፎ ያስጠነቅቃል፤ ፋይል ለመክፈት ይዘገያል፣ ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ይህን ከሰሙ መሞከሩን አቁመው ከሌላኛው ዲስክ ወደ አዲስ ዲስክ ቅጂ ያውጡ። ምንም ምልክት ባያሳይም 5 ዓመት ገደማ ሲሞላው እተካዋለሁ። ለዚህም በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ በተለጠፈ ወረቀት የተገዛበትን ወርና ዓመት፣ ከሥሩም የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደበትንና የተሞከረበትን ቀን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።