ከባድ ቦስን እንዴት ማጥናት ይቻላል፦ በንግሥት ሲግሩን ምሳሌነት

ጅማ ውስጥ በየትኛውም ጌም ቤት አንድ ቦስ፣ ማለትም በጨዋታ ውስጥ የሚገጠም ከባድ ባላንጣ፣ ደጋግሞ የገደለው ተጫዋች የሚያገኘው ምክር «ፍጠን» የሚል ነው። ከኋላው ቆመው ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ ይህንኑ ይላሉ። እኔ ግን አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቀድሞ በመጫኑ ነው ባይ ነኝ። ቦሱ የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው፤ አይናደድም፣ አይደክምም፣ ከተሰጡት ምቶች ውጭ አንድም አዲስ ነገር አይፈጥርም። ምቶቹ የተቆጠሩ ከሆኑ ደግሞ በደብተር ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ ማለት ነው።

መንገዱ ለየትኛውም ቦስ ይሠራል። ለምሳሌ የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 በወጣው ጎድ ኦፍ ዋር በተባለ ጨዋታ ውስጥ ያለችውን የቫልኪሪዎች (ክንፍ ያላቸው ሴት ተዋጊዎች) ንግሥት ሲግሩንን ነው። ጨዋታውን ለመጨረስ እሷን መግጠም ግዴታ አይደለም። ስምንቱን ቫልኪሪዎች አሸንፎ የራስ ቁራቸውን በዙፋኖቻቸው ላይ ያኖረ ሰው ብቻ ነው የሚያገኛት። ስትመጣም የስምንቱን ምት አቀላቅላ ይዛ ትመጣለች።

ሰዓቱንና ዕቃውን ማዘጋጀት

ኮንሶል (የጨዋታ ማሽኑ) ቤታችሁ ካለ ይህን ክፍል እለፉት። ጌም ቤት የምትጫወቱ ከሆነ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አትሂዱ። ሁለት ሰው የሚከፍልበት የእግር ኳስ ግጥሚያ ባለበት ሰዓት ብቻውን ተቀምጦ ደብተር የሚሞላ ደንበኛ ማንም አይወድም። በዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ዙሪያም ሆነ በሂርማታ ገበያ አካባቢ፣ ጠዋት ተማሪው ክፍል ሲገባ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የቤቱን ልጅ «ወንድሜ፣ በሰዓት ልክፈል» ብትሉት እምቢ አይልም።

የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ። ይህ የቅንጦት ምክር አይደለም። የጅማ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከነአካቴው አይሰማም። ሲግሩን ደግሞ ከከባድ ምቶቿ አንዱን በጩኸት ነው የምታስታውቀው። በፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ግርጌ ላይ ተራ የስልክ ማዳመጫ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ሌላ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

ከመጀመራችሁ በፊት ኤልዋን ቁልፍን ደጋግማችሁ ሞክሩት። የጋሻ መመከቻው እሱ ነው፤ የተደበደበ ጆይስቲክ ላይ ደግሞ ግማሽ ጊዜ አይሠራም። ተመሳስለው የተሠሩትን ርካሽ ጆይስቲኮች ለእግር ኳስ ልትታገሷቸው ትችላላችሁ፤ እንዲህ ላለው ሥራ ግን ገንዘብ ማባከን ናቸው። ቴሌቪዥኑ «ጌም ሞድ» የሚባል ምርጫ ካለው አብሩት። ምስልን ለማሳመር የሚደረገው ሂደት ቁልፍ በተጫናችሁበትና ውጤቱ በሚታይበት ጊዜ መካከል መዘግየት ይፈጥራል፤ የለካችሁት ሁሉ በዚያው ልክ ይዛነፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጌም ቤት ኮንሶል የሁሉም ነው። አንድ ጓደኛዬ ስምንቱንም ቫልኪሪዎች አሸንፎ ሲግሩን ዘንድ በደረሰ ማግስት፣ ሌላ ደንበኛ ጨዋታውን «ከአዲስ» ብሎ በእሱ ቦታ ላይ አስቀመጠበት። ከዚያ በኋላ ያንን ጨዋታ እጁን አላስነካውም። በጨዋታው ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ በእጃችሁ አስቀምጡ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም የተቀመጠውን ወደ ፍላሽ ገልብጡ።

ሳይመቱ መግባት

የመጀመሪያውን ሙሉ ሰዓት አንድም ጊዜ አትምቱ። የምትዋጉበትን መጥረቢያ እርሱት። ሥራችሁ መመከት፣ መሸሽና ማየት ብቻ ነው። ይህን የሚታገስ ሰው ጥቂት ነው፤ ከኋላ የቆሙትም ይስቃሉ። ነገር ግን የምትመቱ ከሆነ ዓይናችሁ ያለው የራሳችሁ ክንድ ላይ እንጂ የእሷ ላይ አይደለም።

ረጅም ጊዜ በሕይወት ለመቆየት የክብደት ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ጨዋታው አራት ደረጃዎች አሉት፤ ከመጨረሻውና ከከባዱ በስተቀር በመሃል መቀየር ይፈቀዳል። የከባዱን ደረጃ ከመጀመሪያው የመረጠ ግን እስከ ፍጻሜው ከእሱ መውጣት አይችልም።

ምት ሊመጣ ሲል የሚበሩትን የቀለበት ቀለሞች የማያውቅ ካለ፦ ቢጫ ቀለበት ከታየ ተራ መመከት ጋሻውን ያስከፍትባችኋል፤ ምቱ ሊያርፍ ሲል ኤልዋንን መጫን ግን ይመልሰዋል። ቀይ ቀለበት ከታየ ጋሻው ምንም አይረባም፤ መሸሽ ብቻ ነው። ኤክስን አንዴ መጫን አጭር እርምጃ ነው፤ ሁለቴ መጫን ተንከባሎ መራቅ ነው።

ለእያንዳንዱ ምት ስም አውጡ። «ያቺ በክንፏ የምታደርጋት ነገር» እያላችሁ ልታስታውሱት አትችሉም። እኛ ወደ ሰማይ ወጥታ «ቫልሃላ!» ብላ እየጮኸች በእግሯ የምትረግጥበትን ምት «ዘነዘና» ብለነዋል። ሌሎቹ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ ስም ወጥቶላቸዋል። ስሙ አጭር ይሁን፤ ምቱ ሳያርፍ በአፍ ተጠርቶ ማለቅ አለበት።

ሲግሩን ዘንድ ገና ያልደረሰ ሰው እድለኛ ነው። ስምንቱ ቫልኪሪዎች የእሷን ምቶች ተከፋፍለው ስለያዟቸው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመጋፈጥ በፊት ጥቂት ጥቂቱን ማጥናት ይችላል። ጉንር፣ ካራ፣ ሮታ፣ ጎንዱል እያለ ለእያንዳንዷ አንድ ገጽ ይያዝ። ካራ ላይ ድራውግር የሚባሉትን ሙታን ተዋጊዎች ስለምትጠራ ገጹ ይበላሻል፤ መጀመሪያ እነሱን አስወግዱ።

እውነተኛውን ምልክት ማግኘት

ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

እያንዳንዱ ምት ሦስት ክፍል አለው፦ ዝግጅት፣ ምቱ ራሱ፣ ከዚያ ክንዷን የምትሰበስብበት ጊዜ። ሰው የሚደነግጠው በዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ክንፍ ሲነሳ ያያል፣ ጣቱ ይጫናል። የጨዋታ ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ክንዱን ከፍ አድርገው ያቆዩታል፣ ተጫዋቹ ሸሽቶ ሲጨርስ ያወርዱታል። ክንፉ መነሳቱ ምት መምጣቱን እንጂ መቼ እንደሚያርፍ አይናገርም።

በዚህ ምክንያት ለእያንዳንዱ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መጻፍ ያስፈልጋል። አንደኛው ይህ ምት የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምልክት ነው። ሁለተኛው አሁን ተጫን የሚለው ምልክት ነው። አብዛኛው ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥራቸው፣ ምቱን በትክክል ለይቶት ሳለ ይሞታል፤ ከዚያም «አላየሁትም» ይላል።

ሁለተኛው ምልክት በዓይን ብቻ አይገኝም፤ ቪዲዮ ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 4 ቅንብሩ ካልተነካ የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች በራሱ ይቀዳል። ሼር የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ በስኩዌር አስቀምጡት። ወዲያው አድርጉት፤ መብራት ከሄደ ያልተቀመጠው አይገኝም። በፋት 32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ውሰዱትና ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱት። በስልክ ስክሪኑን መቅረጽ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እጅ ስለሚንቀጠቀጥና ስክሪኑ ስለሚያብለጨልጭ አልወደውም።

ቪኤልሲ ላይ የእንግሊዝኛውን «ኢ» ፊደል በተጫናችሁ ቁጥር ቪዲዮው አንድ ምስል ብቻ ወደፊት ይሄዳል። ወደ ኋላ በአንድ ምስል የሚመልስ ቁልፍ ግን በተለመደው ሥሪቱ ላይ የለም። ሺፍትን ይዛችሁ የግራውን ቀስት ብትጫኑ ሦስት ሰከንድ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ወደፊት ትቆጥራላችሁ። አሰልቺ ነው፤ ከሰው ጋር ተካፍሎ መሥራት ይሻላል፣ አንዱ ይጫን፣ ሌላው ይጻፍ።

ቅጂው በሰከንድ 30 ምስል ስለሆነ አንዱ ምስል 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሰው ያየውን አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህ ከ7 እስከ 8 ምስል ማለት ነው። የቴሌቪዥኑን መዘግየት ጨምሩበት። እንግዲህ ምቱ ሰውነታችሁን የነካበትን ምስል ፈልጉ፣ ከዚያ 10 ወይም 12 ምስል ቀደም ብሎ ያለውን አጥኑ። በዚያች ቅጽበት ምን ተለወጠ? ክርኗ ታጠፈ? እግሯ መሬት ለቀቀ? ቀለበቱ በራ? የምትፈልጉት ምልክት እሱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ለመለያ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ጣታችሁን ግን አታስነኩት።

በዚያ ቦታ ምንም የሚለወጥ ነገር ካላገኛችሁ፣ ወይም ሙሉ ዝግጅቱ ራሱ ከ8 ምስል በታች ከሆነ፣ ያንን ምት አይቶ ማምለጥ አይቻልም። እልህ አያስፈልግም፤ ምቱ በልማድ የሚከተለው የትኛውን እንደሆነና ከምን ያህል ርቀት እንደሚመጣ ፈልጉ። እንዲህ ያለው ምት የሚሸነፈው በግምት ነው፤ ግምቱ ደግሞ ከደብተሩ ይመጣል።

«ዘነዘና» ጥሩ ማሳያ ነው። ጩኸቱ የትኛው ምት እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ስለዚህ ነው ማዳመጫው ያስፈለገው። በጩኸቱ ላይ የሸሸ ሰው ግን ምቱ ገና ሳይነሳ ቦታውን ይለውጣል፣ እሷም ተከትላው ትወርዳለች። ኤክስ የሚጫነው ወደ ታች መውረድ ስትጀምር ነው። ምቱን ካወቁ በኋላ በእነዚያ ቅጽበቶች ውስጥ እጅን ይዞ መቆየት ነው ከባዱ ነገር፤ ለዚህም የሚረዳኝ «ቫልሃላ» ስትል ስሙን ጮክ ብዬ መጥራት ነው፤ አፌ ሥራ ሲይዝ ጣቴ ይታገሣል።

ሁለት ምቶች በዚያው ምስል ላይ አንድ ዓይነት ከሆኑና አንዱ ቢጫ ሌላው ቀይ ከሆነ፣ ሁለቱንም የሚያስመልጠውን ምረጡ። መሸሽ ለሁለቱም ይሆናል። መልሶ መመከት ያምራል፤ ሲሳሳት ግን የሚያስከፍለው ይበዛል።

ርቀትን መፈተሽ

ቦሶች ብዙውን ጊዜ ምታቸውን የሚመርጡት ባላችሁበት ርቀት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ክንድ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ቁሙ፤ ቀጥሎ መሃል ላይ፣ ቀጥሎ ከሜዳው ዳር። በእያንዳንዱ ቦታ የትኞቹ ስሞች እንደመጡ በጭረት ቁጠሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ርቀቱንም መሣሪያውንም ጋሻውንም አብሮ የለወጠ ሰው ምን እንደተማረ አያውቅም። ጭረቶቹ ሲበዙ ጥቂት ስሞች ብቻ የሚታዩበት አንድ ቦታ ይወጣል። ግራ ስትጋቡ የምትመለሱበት ቦታ ይኸው ነው።

በሌሎች ጌሞች ርቀት ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ፈውስ ስትጠጡ አይቶ የሚሮጥባችሁ ቦስ አለ፤ ሕይወቱ ግማሽ ሲደርስ ሌላ ምት የሚያወጣም አለ። ለእነዚህ የተለየ ገጽ ክፈቱ።

ስንት ጊዜ መምታት ይቻላል

አሁን መጥረቢያው ይነሳ። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ አንድ ጊዜ መትታችሁ ሽሹ። ካልተነካችሁ በሚቀጥለው ሁለት ሞክሩ፣ ከዚያ ሦስት። የተነካችሁበትን ቁጥር በአንድ ቀንሱና ከስሙ ጎን ጻፉ። ዜሮ የሚጻፍላቸው ምቶች ይኖራሉ፤ ከእነሱ በኋላ ምንም አትሞክሩ። ክንፏን እንደ ጋሻ ስትዘጋ ከፊት የሚወረወር መጥረቢያ ተመልሶ ይወድቃል። አብሯችሁ የሚዋጋውን ልጅ የአትሬየስን ቀስት በስኩዌር ማዘዝ ግን ዓይናችሁን ከእሷ ስለማያስነሳ በየመሃሉ ተጠቀሙበት።

የዩቲዩብ ማስተማሪያዎችን በተመለከተ፣ ከራሳችሁ ደብተር በኋላ ካያችኋቸው ይጠቅማሉ። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን የሞባይል ዳታ ይጨርሳሉ እንጂ ብዙ አያስተምሩም፤ የተጫዋቹ ጋሻና ልብስ ከእናንተ የተለየ ነው፣ ሁለት ምት የሚችለውን እናንተ አንድ አትችሉትም።

የሚቀረው ደረጃውን ወደ ነበረበት መልሶ መግጠም ነው። በዝቅተኛ ደረጃ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አትመኑት፤ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ዜሮና አንድ የተጻፈላቸውን ብቻ እንደገና ፈትሹ፣ የተለወጠውን በሌላ ቀለም አርሙ። ሁለትና ሦስት የተጻፈላቸውን ምቶች ግን መጀመሪያ በአንድ ምት ብቻ ተጠቀሙባቸው፤ የሚጨምረው ጊዜ ትንሽ ነው።